ቶሎ የሚያጠፋው መሣሪያ

አንድ ሰው ነበረ፤ መኪናውን ይወዳል፣ መኪናው የምትነግረውን ግን መስማት አይወድም።

መምህር ሐዋዝ ታሪኩን የጀመሩት በዚህ ነው። መምህር ሐዋዝ ረጅም ዘመን አስተምረው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሲጣላ ለእርቅ፣ ግራ ሲገባው ለምክር ወደ እሳቸው ይሄዳል። የዚያን ቀን ከፊታቸው የተቀመጠው ውብሸት የሚባል ጎልማሳ ነበር። ሚስቱ እናትነሽ ልብሷን በሻንጣ ከትታ እኅቷ ቤት ከገባች ሰንብታለች፤ ሽማግሌ ቢላክ እንኳ እንደማትመለስ አስቀድማ አስነግራለች። ውብሸት የመጣው ሊጠይቅ ቢሆንም አቀራረቡ የአቤቱታ ነበር።

«መምህር፣ እኔ እንደ ሌላው ወንድ ይቅርታ መጠየቅ የሚያሳፍረኝ ሰው አይደለሁም» አለ። «ገና ፊቷ ጠቆር ሲል ይቅርታ እላለሁ። እግሯ ላይ የወደቅኩበትም ቀን አለ። ትታረቀኛለች። ጥቂት ቀን ሰላም እንሆናለን፤ ከዚያ ያው ኩርፊያ ተመልሶ ይመጣል። ለመሆኑ ሰው ስንት ጊዜ ነው ይቅርታ መጠየቅ ያለበት?»

መምህር ሐዋዝ ስለ ይቅርታ ምንም አልተናገሩም። ስለ መኪና ማውራት ሲጀምሩ ውብሸት ጥያቄውን በደንብ ያልሰሙት መስሎት ጮክ ብሎ ሊደግመው አስቦ ነበር፤ ይሉኝታ ያዘውና ተወው። ታሪኩ እንዲህ ነው።

ሰውየው የሚኖረው ከእናቱ ጋር፣ ከትልቅ ተራራ ግርጌ ባለች ከተማ ነበር። እናቱ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ደሟ በማሽን መታጠብ አለበት። ማሽኑ ያለው ደግሞ ተራራው ላይ ባለው ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ በአንድ ወገን የተቆረጠ ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ከጭጋግ በቀር ምንም የማይታይበት ገደል። የሕዝብ ማመላለሻው ለጤነኛ ሰው ይሆናል፤ እጥበት ጨርሶ ጉልበቱ ለከዳው ሰው ግን አይሆንም። ሰውየው መኪናዋን የገዛው ለዚህ ነበር። ትንሽ ናት፣ አሮጌ ናት፣ ግን እናቱን ወደ ማሽኑ ታደርሳለች፣ ከማሽኑ ትመልሳለች። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቃትም።

አንድ ማለዳ ከመሪው ፊት ለፊት የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት በራች። ሰውየው ጆሮውን አቆመ። ሞተሩ እንደወትሮው ይሰማል። ጉልበቷም አልቀነሰም። መብራቷ ግን እንደበራች ቀረች። ጋራዥ ሲወስዳት መካኒኩ «ትደር፤ በኮምፒውተር አይቼ ነገ እነግርሃለሁ» አለው። ሰውየው መኪናዋን ማሳደር አልቻለም፤ ነገ የእናቱ የእጥበት ቀን ነው። ስለዚህ መመርመሪያውን ራሱ ገዝቶ በገዛ ግቢው ሊያያት ቆረጠ፤ ለመካኒኩም ይህንኑ ነግሮት ወጣ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። እንዲያውም ሰውየው በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሰባቸው ነገሮች ሁሉ ጥሩው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የመኪና ዕቃ መሸጫ ገባ። ሻጩ ቀልድ የሚወድ፣ ዕቃውን ግን የሚያውቅ ሰው ነበር። የመኪናዋን ዓመት ጠየቀ፤ የመመርመሪያ መሰኪያዋ ከመሪው በታች መሆኑን ጠየቀ፤ ከዚያ መሣሪያዎቹን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው።

«ይቺ ሚጢጢዋ ከስልክህ ጋር ነው የምትሠራው። ስልክህ ቻርጅ ከጨረሰ እሷም አበቃላት። ይሄ ትልቁ የጋራዥ ነው፤ አንተ ቤት ቢገባ ከነካርቶኑ ነው የሚያረጀው። ላንተ የሚሆነው ይሄኛው ነው። የራሱ ስክሪን አለው። የጥፋቱን ቁጥር ያወጣል፣ ትርጉሙን ከሥር ይጽፍልሃል፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ሙቀቱ የት እንደደረሰ ያሳይሃል።»

«መብራቱን ያጠፋል?» አለ ሰውየው።

«ሁሉም ያጠፋል ወንድሜ። የማያጠፋ አላየሁም።»

«ቶሎ የሚያጠፋው የትኛው ነው?»

ሻጩ ቀና ብሎ አየው። «ይሄ እንግዲህ ከማጥፋቱ በፊት ‹ቁጥሩን ይዘሃል? እርግጠኛ ነህ?› እያለ ይጠይቃል። ያ ጥግ ያለው ግን አይጠይቅም። ስትጫነው ይጠፋል፤ አለቀ።»

«እሱን ስጠኝ።»

«ሐኪም ቤት ስትሄድም ‹የማይጠይቅ ዶክተር ስጡኝ› ነው የምትለው?» አለ ሻጩ እየሳቀ። ቢሆንም ጠቅልሎ ሰጠው። ሻጭ ነው፤ ምን ያድርግ።

አጠቃቀሙንም በር ድረስ ሸኝቶ ነግሮታል። «ቁልፉን ክፈት፣ ሞተር አታስነሳ። ከዚያ ሰካው። የላይኛው መስመር ጥፋት ማንበቢያ ነው፣ የታችኛው ጥፋት ማጥፊያ። መጀመሪያ ከላይ ጀምር። የሚወጣልህ ቁጥር ደግሞ ‹ይሄ ዕቃ ሞቷልና ቀይረው› ማለት አይደለም፤ ‹እዚህ አካባቢ ፈልግ› ማለት ነው። ፈልግ፣ አሠራ፣ አጥፋ። ሳታሠራ ካጠፋኸው ግን ኮምፒውተሩን ያየውን ሁሉ ነው የምታስረሳው። እሱም ጥፋቱን እንደገና እስኪያየው ዝም ይላል፤ ሲያየው መልሶ ያበራብሃል።» ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ራስ የሚነቀንቅ ሁሉ እንደማይሰማ ሻጮች ያውቃሉ።

ግቢው ገብቶ ሰካው። የላይኛውን መስመር ነካ። ፒ በሚል ፊደል የሚጀምር ቁጥር ወጣ፤ ከሥሩ ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አስፈራው። ሐኪሞች የእናቱ ክፍል በር ላይ ቆመው በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ የሚይዘው ዓይነት ፍርሃት ነበር፤ ተነቦ ካለቀ የሆነ ነገር የሚነጥቀው መሰለው። መኪናዋ ታማ ጋራዥ ከተኛች እናቱን ማን ያመላልሳታል? ግማሹ ላይ ሳይደርስ አውራ ጣቱ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። ቢጫዋ መብራት ጠፋች።

«እማዬ!» ብሎ ተጣራ። «ጠፋ! መብራቱ ጠፋ!»

እናቱ በመስኮት ብቅ አለች። በቅርቡ እጥበቷ ተጋምሶ ሳለ መብራት ሄዶ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ማሽኑ ጎን የተጨነቀችውን ጭንቀት አልረሳችውም። «መብራት ጠፋ ብሎ እልል የሚል ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለችና መስኮቱን ዘጋች።

ያ ሳይነበብ የቀረ ዓረፍተ ነገር ይናገር የነበረው ስለ ቬንትሌተሩ ነው። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ትእዛዝ አይደርሰውም፣ ስለዚህ አይዞርም ይላል። ማለዳ መንገዱ ባዶ ሲሆንና መኪናዋ ፈጠን ብላ ስትወጣ ነፋሱ ራሱ የቬንትሌተሩን ሥራ ይሠራላታል፤ የጎደላት ነገር ያለ አይመስልም። ከሌሎች ኋላ ተሰልፋ በዝግታ ዳገት የምትወጣበት ቀን ከመጣ ግን ሞተሩን የሚያበርድለት አንዳች ነገር የለም። መኪናዋ ይህን ታውቅ ነበር። ነግራዋለችም።

መብራቷ ከቀናት በኋላ ተመለሰች። አጠፋት። ደግሞ ተመለሰች፤ ደግሞ አጠፋት። እየቆየ እጁ ሠለጠነ። ነዳጅ እስኪቀዳለት ያጠፋታል፤ ሆስፒታሉ በር ላይ እናቱን ሲጠብቅ ያጠፋታል። የላይኛውን መስመር መንካት ጨርሶ ተወ።

ነገሩ በመኪናዋ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። እናቱ «እግሬ ከበደኝ» ስትል «ይሻልሻል እማዬ» ይላታል። «ማታ ማታ ደግሞ...» ብላ ስትጀምር «ይሻልሻል» ይላታል፤ ማታ ማታ ምን እንደሚሆን ሳትነግረው። ክፉ ልጅ አልነበረም። ፈሪ ልጅ ነበር። ቶሎ ቶሎ የሚያጽናና ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጽናናው ራሱን ነው፤ ራሱ ግን ይህን አያውቅም፤ ደግ የሆነ ይመስለዋል።

ክረምቱ በገባ ሰሞን፣ በእጥበት ቀን፣ እንደወትሮው ማለዳ ተነሡ። ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ከቋጥኙ ድንጋይ አውርዶ ግማሹን መንገድ ዘግቶታል። በቀረችው ግማሽ የጭነት መኪናዎች ተራ በተራ ያዘግማሉ፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድማቸው ነበር። ትንሿ መኪና በመካከላቸው ገባች። ከፊቷ የጭነት መኪና፣ ከኋላዋ የጭነት መኪና፣ በጎኗ ገደል። እናቱ ኋላ ወንበር ላይ ጋደም ማለት ትወድ ነበር፤ ያን ቀን ግን ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ያበጠው እግሯ ጫማ እምቢ ስላላት ነጠላ ጫማ አድርጋለች።

«ልጄ» አለች፣ «ዛሬ እኮ...»

«ይሻልሻል። ይኸው ልንደርስ ነው።»

ቢጫዋ መብራት በራች።

ሰልፉ ቆም ሲል ሰውየው ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን መልሶ ከፈተ፣ መሣሪያውን ሰካ፣ የታችኛውን መስመር ተጫነ። ጠፋች። ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት ፈቀቅ እንዳለ ሌላ መብራት በራ። ይህኛው ቀይ ነው፤ የሙቀት መለኪያ ቅርጽ አለው። ሰውየው አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ መሣሪያውን ተጫነ። ቀዩ አልጠፋም። ደግሞ ተጫነ። ቀዩን መሣሪያው አያውቀውም፤ ሞተሩ እስካልበረደ ድረስ እሱን የሚያጠፋ መሣሪያ አልተሠራም። ጣፋጭ መሰል የቃጠሎ ሽታ መጣ። ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጥቶ የፊት መስታወቱን ሸፈነው። መኪናዋ ተንዘፈዘፈች፣ ቆመች፣ ከዚያም ቀስ ብላ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

የእጅ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተው። ከፊት የነበረው የጭነት መኪና ሾፌር እንፋሎቱን በመስታወቱ አይቶ ኖሮ ዘሎ ወረደና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥቶ ከጎማዋ ሥር ወሸቀ። ከኋላ ያሉት ክላክሳቸውን ለቀቁት። ሰውየው ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደደ።

«እጅህን!» ብሎ ጮኸበት ሾፌሩ፣ ክንዱን ቀጨም አድርጎ። «ልትቀቀል ነው እንዴ? በትኩሱ ይከፈታል?»

«እናቴን ማድረስ አለብኝ። እጥበት አላት፤ የኩላሊት።»

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ ወንበር ተመለከተ። «እማማ፣ የኔ መኪና ባዶ ናት፣ ትሮጣለች። ጋቢና ላስገባዎት?»

እናቱ የጭነት መኪናውን መወጣጫ አየች፤ እግሯን አየች። «እኔን እዚያ ላይ ለመስቀል ክሬን ያስፈልግሃል፣ ልጄ» አለችው። ከዚያ የሚትጎለጎለውን እንፋሎት አይታ ወደ ልጇ ዞረች። «አየህልኝ? እኔ ውሃ በዝቶብኝ፣ መኪናህ ውሃ አንሷት፣ ሁለታችንም አንድ ዳገት ላይ ቀረን።» ልትስቅ ጀምራ ነበር። ሳቁ መሀል ላይ ትንፋሿ ተቆረጠ።

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ መካኒኩ ዘንድ ደወለ።

«ባለ ማሽኑ!» አለ መካኒኩ። «እኔ እኮ ከጎኔ ጋራዥ ልትከፍት መስሎኝ ነበር።»

«ዳገቱ ላይ ቆሜያለሁ። ሞቀችብኝ። እናቴን ይዤያለሁ።»

የመካኒኩ ድምፅ ተለወጠ። «ቢጫው በርቶ ነበር?»

«በርቶ ነበር።»

«ቁጥሩ ስንት ይላል?»

«አጥፍቻለሁ።»

«ግድ የለም፣ ሰው ያጠፋል። ቁጥሩን ንገረኝ።»

«አጥፍቻለሁ እኮ ነው የምልህ!»

«ሰማሁህ ወንድሜ! ኑዛዜውን ለቄስ ትነግራለህ፤ እኔ የጠየቅኩህ ቁጥሩን ነው!»

«ቁጥሩን ነው ያጠፋሁት» አለ ሰውየው። «በመሣሪያው።»

«ሳታነበው?»

«ሳላነበው።»

«የባለፈውስ? የበፊቱስ?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው እኔ መጀመሪያ እንደሰማሁት ነው፤ አጥፍተሃል» አለ መካኒኩ። አልሳቀም። «አሁን ስማኝ። ቁጥሩ ከሌለ እኔ ከዚህ ሆኜ በዳበሳ ነው። ውሃው ያፈሰሰ ይሁን፣ ፓምፑ ይሁን፣ ቬንትሌተሩ ይሁን በምን አውቃለሁ? ሞተሩ ይብረድ። ከዚያ ቁልፉን ክፈት፤ ሕመሙ ካለ መብራቱ ራሱ ይመለሳል። ሲመለስ እንዳትነካው። አንብብና ደውልልኝ።»

መጠበቅ ግድ ሆነ። ሾፌሩ ከኋላ ያሉትን ሊያረጋጋ ሄደ። ሰውየው ከእናቱ አጠገብ ገብቶ ተቀመጠ። ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር የእናቱን ትንፋሽ ሰማ። አጭር ነው፤ እየተጎተተ ነው የሚወጣው፤ መጨረሻው ላይ የፈላ ጀበና የሚመስል ድምፅ አለው። ይህ ድምፅ ዛሬ የጀመረ አልመሰለውም። ሞተሩ ሲጮህ፣ እሱም ሲናገር፣ አልሰማውም እንጂ።

«ልጄ» አለች።

«ይሻል...» ብሎ ጀምሮ አፉን ያዘ። ከዚያ ለመናገር የከበደውን ነገር ተናገረ። «እ? ምንድን ነው እማዬ? ንገሪኝ።»

እናቱ ዞር ብላ አየችው፤ እንዲህ ይጠይቀኛል ብላ ስላልጠበቀች ከየት እንደምትጀምር ቸግሯት ነበር። «መተኛት አቃተኝ» አለች። «ጋደም ስል ውሃ ውስጥ የገባሁ ይመስል ትንፋሽ ያጥረኛል። ትራሱን ደራርቤ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። ሌሊቱን ደግሞ ባሰብኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ። ይሻልሻል አልከኝ።»

ሰውየው ይቅር በይኝ ሊል ምላሱ ላይ መጣለት፤ ጊዜው ይህ እንዳልሆነ ግን ገባው። ስልኩን አነሣና ሆስፒታል ደወለ፤ እናቱ የነገረችውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሲስተሯ ነገራት። ትራሱን ነገራት፣ እግሯን ነገራት፣ የትንፋሹን ድምፅ ነገራት። ሲስተሯ ከመካከል አቋርጣ «ቁጭ ብለው ነው አሁንም? እንዳያስተኟቸው። ኦክስጅን አዘጋጃለሁ፤ ሲደርሱ ተራ ሳይጠብቁ በቀጥታ ያስገቧቸው» አለችው። ባይደውል ኖሮ፣ በቀጠሮው ሰዓት ሳይደርሱ ሲቀሩ ቦታው ለተከታዩ ታካሚ ይሰጥ ነበር።

ኮፈኑ እጅ የሚያስነካ ሆነ። ሰውየው መሣሪያውን ሰክቶ ቁልፉን ከፈተ። ቢጫዋ በራች። አውራ ጣቱ በለመደው መንገድ ወደ ታችኛው መስመር ሄዶ እዚያው ደረሰ። ከኋላ ክላክስ ይጮኻል። ከኋላ ወንበር ያ ትንፋሽ ይሰማል። ጣቱ ላይ ያለው ፍርሃት ግቢው ውስጥ የተሰማው ያው የመጀመሪያው ፍርሃት ነበር፤ አልቀነሰም። ጣቱን አነሣና የላይኛውን መስመር ነካ።

ቁጥሩ ወጣ። ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ፣ ከሥሩ ያለውን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ድምፁን አውጥቶ አነበበ። ሲያልቅ ምንም አልሆነም። ሲያስፈራው የከረመው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

«ቬንትሌተር!» አለ መካኒኩ። «ተመስገን፣ ፓምፕ አይደለም። ቬንትሌተሩም ሞቷል ማለት አይደለም፤ ትእዛዙ መንገድ ላይ ተቋርጦበት ይሆናል። የፊውዝ ሳጥኑን ክፈት። ሪሌ የምንላቸው ጥቁር ጥቁር ኩቦች አሉ፤ ክዳኑ ላይ የየትኛው እንደሆኑ ተጽፏል። የቬንትሌተሩን ንቀል። የክላክሱ በመልክም በመጠንም እሱን ይመስላል አይደል? እሱን ነቅለህ በቬንትሌተሩ ቦታ ሰካው።»

ሰካው። ሾፌሩ ከራሱ መኪና ጀሪካን አምጥቶ፣ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ከፍቶ፣ ውሃ ሞላላቸው። ሞተሩ ተነሣ። ሁለቱም ኮፈኑ ላይ አቀርቅረው ጠበቁ። ሙቀቱ ከፍ እያለ ሄደ። ከዚያ ቬንትሌተሩ ቋ ብሎ ተነሣና ፊታቸው ላይ ትኩስ ነፋስ ለቀቀባቸው።

«ክላክስ ግን የለህም» አለ ሾፌሩ። ያ መንገድ በየመታጠፊያው ክላክስ የማይነፋ መኪና የሚወጣበት መንገድ አይደለም። «ከኋላዬ ተከተለኝ። ላንተም እኔ እነፋለሁ።» ድንጋይ የወረደበትን ካለፉ በኋላ መንገዱ ባዶ ነበር። ባዶው የጭነት መኪና በየመታጠፊያው ሁለት ሁለት ጊዜ እየጮኸ፣ አንዱን ለራሱ አንዱን ለእነሱ፣ ትንሿን መኪና እስከ ከተማው መግቢያ አደረሳት።

ሲስተሯ በር ላይ ቆማ ነበር። እናቱን እንደተቀመጠች በተሽከርካሪ ወንበር ወሰዷት፤ ኦክስጅኑ ተገጠመላት፣ ከዚያ ማሽኑ። ሰውየው ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደድ ቆየ። በመጨረሻ ሲያስገቡት እናቱ ጋደም ብላ አገኛት። ተኝታ ነበር፤ ትራሷም አንድ ብቻ ነበር።

መኪናዋን በማግስቱ ጋራዥ አሳደራት። መካኒኩ አዲስ ሪሌ ገጠመ፣ ክላክሱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ቢጫዋ ግን ገና አልጠፋችም ነበር። «አሁን አጥፋት» አለው መካኒኩ። ሰውየው የታችኛውን መስመር ተጫነ። ያው መሣሪያ፣ ያው መስመር፣ ያው አውራ ጣት ነው። መብራቷ ጠፋች፤ ተመልሳም አልመጣችም።

መምህር ሐዋዝ እዚህ ላይ ታሪኩን አቆሙና ወደ ውብሸት ዞሩ።

«ስንት ጊዜ ይቅርታ ልጠይቅ ብለህ ነው የጠየቅከኝ» አሉት። «አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ተራው ሲደርስ ከሆነ። የእናትነሽ ፊት ሲጠቁር ያቺ ቢጫ መብራት በራች ማለት ነው። አንተ ደግሞ ያንን ፊት ማየት ያስፈራሃል። ልትነግርህ ያሰበችውን ሰምተህ ከጨረስክ የሆነ ነገር የምትነጠቅ ይመስልሃል። ስለዚህ አፏን ሳትከፍት ይቅርታ ትላለህ። እግሯ ላይ ትወድቃለህ፤ እግሩ ላይ የወደቀበትን ሰው ደግሞ ማን ቁጭ አድርጎ ይወቅሰዋል? ፊቷ ይፈታል፤ አንተም ተገላገልክ። እሷ ግን ያልተናገረችውን ይዛ ትቀራለች። ኩርፊያው እንደገና ሲመጣ አዲስ ይመስልሃል እንጂ ያው የመጀመሪያው ነው፤ አላነበብከውም። ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ደግሞ ቀዩ በራ። ቀዩን በይቅርታ አታጠፋውም።»

ውብሸት አንገቱን ደፋ።

«ሽማግሌ አልልክልህም» አሉ መምህር ሐዋዝ። «ብቻህን እኅቷ ቤት ሂድ። ይቅርታ እንዳትላት። ምንድን ነው ያስቀየመሽ ብለህ ጠይቃትና ቁጭ በል። ስትናገር አታቋርጣት፣ አታጽናናት፣ አታልቅስባት። ጨረስኩ ስትል፣ የነገረችህን አንተ መልሰህ ንገራት። ልክ ነው ካለችህ የሚጠገነውን ጠግን። ይቅርታው ከዚያ በኋላ ነው። ከመሄድህ በፊት ግን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር፤ በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት...»

«ገባኝ መምህር፣ ገባኝ!» አለ ውብሸት፣ ብድግ ብሎ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «በቃ፣ አጥፍቻለሁ!»

መምህር ሐዋዝ የጀመሩትን ጥያቄ አልቀጠሉም። ከወንበራቸው ሳይነሡ ቀና ብለው አዩት።

«ምኑን?» አሉት።